የጉበት ምርመራ ወረቀታችሁ ምን ይላል? ምንስ ይደብቃል?

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ ጉበት ምርመራ ነው።

ሐኪም “ጉበትህን እንየው” ወይም “ጉበትሽን እንየው” ብሎ ወደ ላቦራቶሪ ሲልክ፣ ተመልሶ የሚመጣው አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ኤስጂኦቲ፣ ኤስጂፒቲ፣ ኤኤልፒ የሚሉ የፈረንጅ ፊደላት አሉ፤ ከጎናቸው ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ ጎን አንዳንዴ ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት ትኖራለች። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው “ጉበቴ አለቀ” ብሎ እንቅልፍ ያጣል። ቁጥሩ ደህና የሆነለት ደግሞ “ተመስገን፣ ነፃ ነኝ” ብሎ ወረቀቱን ጥሎት ይሄዳል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። እኔ ግን አብዝቼ የምፈራው ለሁለተኛው ሰው ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ፣ ወረቀቱ ላይ በእነዚያ ፊደላት የተጻፉት ኢንዛይሞች ምንድን ናቸው? ጉበታችን እጅግ ብዙ በሆኑ ጥቃቅን ሴሎች የተገነባ ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ምግብን የሚለውጡ፣ መርዝን የሚያከሽፉ ሥራዎች ሌት ተቀን ይካሄዳሉ። እነዚህን ሥራዎች የሚያፋጥኑት ኢንዛይሞች ናቸው። ቦታቸው ሴሉ ውስጥ ነው፤ ደም ውስጥ የሚገኙት በጥቂቱ ብቻ ነው፤ ይህም ያረጁ ሴሎች በተፈጥሮ ሲሞቱ የሚለቁት ነው። ጉበት ሲቆጣ ወይም ሲመረዝ ግን የሴሎቹ ግድግዳ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፤ ኢንዛይሙም ወደ ደም ይፈስሳል። ጠላ የተጠመቀበትን ጋን አስቡት። መሬቱ ከረጠበ ጋኑ አንድ ቦታ ተሰንጥቋል ማለት ነው። የረጠበውን መሬት አይታችሁ ግን ጋኑ ውስጥ ምን ያህል ጠላ እንደቀረ ማወቅ አትችሉም። ደግሞም ከጋኑ ብዙው ፈስሶ ካለቀ በኋላ የሚንጠባጠበው ጥቂት ነው። የጉበት ኢንዛይም ምርመራም የሚያሳየው ስንጥቁን ነው። ጉበቱ ምን ያህል አቅም እንደቀረው የሚናገሩት ሌሎች ምርመራዎች ናቸው።

ዋነኞቹ የጉበት ኢንዛይሞች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኤኤልቲ ይባላል፤ በቀድሞ ስሙ ኤስጂፒቲ ነው። ሁለተኛው ኤኤስቲ ነው፤ በቀድሞ ስሙ ኤስጂኦቲ። ብዙ ላቦራቶሪዎቻችን አሁንም በቀድሞው ስም ስለሚጽፉ ሁለቱንም ስም ብታውቁ ይጠቅማችኋል። ኤኤልቲ በአመዛኙ የጉበት ነው። ኤኤስቲ ግን በልብ፣ በጡንቻና በቀይ የደም ሴል ውስጥም አለ። እንዲያውም ኤኤስቲን ደም ውስጥ መለካት የተጀመረው ለልብ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1954 ኒው ዮርክ ውስጥ ካርመን፣ ቭሮብሌቭስኪና ላዱ የተባሉ ተመራማሪዎች በድንገተኛ የልብ ጥቃት በወደቁ ሰዎች ደም ውስጥ ከፍ ብሎ አገኙት። በዓመቱ ጣሊያን ኔፕልስ ላይ ዴ ሪቲስና ባልደረቦቹ በቫይረስ በተያዘ ጉበት ላይ ተመሳሳይ ነገር ማየታቸውን አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ ይህ ምርመራ ዓለምን አዳርሷል።

እስቲ ደማችሁን ተከትለን ላቦራቶሪ እንግባ። ደሙ ከክንዳችሁ ተቀድቶ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነካ ይቀመጥና ይረጋል። ከዚያ ሴንትሪፊዩጅ በሚባል ማሽን በኃይል ይሽከረከራል። ቀዩ ክፍል ከታች ይቀመጣል፤ ከላይ ሴረም የሚባል የጠራ ፈሳሽ ይቀራል። የጤነኛ ሰው ሴረም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሕመምተኛ ሴረም ግን ጠቆር ወዳለ ብርቱካንማ ይሄዳል፤ የለመደ ባለሙያ ማሽኑ ገና ሳይናገር ችግሩን ይጠረጥራል። ቀጥሎ ሬጀንት የሚባል የመመርመሪያ ኬሚካል ይጨመራል። በሬጀንቱ ውስጥ ዓይናችን የማያየውን የብርሃን ዓይነት የሚውጥ ንጥረ ነገር አለ። ኢንዛይሙ ሥራ ሲጀምር ይህ ንጥረ ነገር እየጠፋ ይሄዳል፤ ማሽኑም በየደቂቃው ምን ያህል እንደጠፋ ይቆጥራል። ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ “ዩኒት በሊትር” ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የሚነግራችሁ ኢንዛይሙ የሚሠራበትን ፍጥነት ነው።

ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ደሙ ሲቀዳ ተቸግሮ ከወጣ፣ ወይም ብልቃጡ ከተናወጠ፣ ቀይ የደም ሴሎች ይፈነዳሉ፤ ውስጣቸው ያለው ኤኤስቲ ይወጣል፤ ጉበታችሁ ደህና ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ይንራል። ሴረሙ ቀላ ብሎ ካገኘው ባለሙያው “ድጋሚ ልቅዳ” ይላችኋል። እባካችሁ አትቆጡ፤ በትክክል እየሠራ ነው።

ጡንቻም እንዲሁ ያሳስታል። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ሲጋልብ የዋለ ጎልማሳ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ የዲከረንስ ዛፍ ሲቆርጥና ከሰል ሲያወጣ የዋለ ሰው፣ በማግስቱ ደም ቢሰጥ ኤኤስቲው፣ አንዳንዴም ኤኤልቲው ከፍ ሊል ይችላል። ከባድ ሥራ ያደከመው ጡንቻ ነው ያንን ያመጣው። ስለዚህ ከምርመራ በፊት ባሉት ቀናት ከባድ ሥራ ሠርታችሁ ከነበረ፣ ጡንቻ ላይ መርፌ ተወግታችሁም ከሆነ፣ ለሐኪማችሁ ተናገሩ።

ሦስተኛው ኤኤልፒ፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ የሐሞት ቧንቧ ጠቋሚ ነው። የሐሞት መውረጃ በጠጠር ወይም በዕጢ ሲዘጋ ይጨምራል፤ ሰውየው ይበላዋል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ዓይነ ምድሩ ይነጣል። ይሁን እንጂ ኤኤልፒ ከአጥንትም ከእንግዴ ልጅም ይመነጫል። እያደገ ያለ ልጅ ኤኤልፒ ከአዋቂው እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን፣ የመጨረሻ ወራት ላይ ያለች ነፍሰ ጡር ኤኤልፒ ቢጨምር፣ ብቻውን ከሆነ በሽታ አይደለም። ነፍሰ ጡሯ ኤኤስቲዋ ከፍ ብሎ ራስ ምታትና የደም ግፊት ካላት ግን ያ ድንገተኛ ነው፤ ማደር የለባትም።

ቁጥሩ ስንት ሲሆን ነው የሚያሰጋው? ላቦራቶሪዎች መጠናቸው ይለያያል። ብዙዎቹ እስከ 40 ዩኒት ድረስ ጤናማ ብለው ይጽፋሉ፤ የአሁኖቹ መመሪያዎች ደግሞ ጠበቅ አድርገው ለኤኤልቲ ለወንድ 30፣ ለሴት 20 አካባቢ የሚያስቀምጡ አሉ። ስለዚህ ሴቶች፣ “38 ነው፣ ደህና ነው” ስትባሉ አንድ ጊዜ ጠይቁ። ትንሽ ከፍ ብሎ ለወራት የሚቆይ ቁጥር ለዓመታት የሚጎዳ በሽታ ሊያመለክት ይችላል፦ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ፣ በስኳር ሕመምና በውፍረት የሚመጣ የጉበት ስብ፣ አረቄ። ከ1,000 በላይ የዘለለ ቁጥር ግን መነሻው ጥቂት ነው፤ አጣዳፊ የቫይረስ ሄፓታይተስ፣ መድኃኒት ወይም መርዝ፣ አለዚያም ደም ለጉበት ሳይደርሰው መቆየቱ።

ስለ አረቄ ካነሣን አንድ ነገር ልጨምር። በመጠጥ የተጎዳ ጉበት የራሱ ምልክት አለው። ብዙውን ጊዜ ኤኤስቲው ከኤኤልቲው እጥፍ ይበልጣል፤ ሆኖም ኤኤስቲው ከ300 ብዙም አያልፍም። ምክንያቱም ኤኤልቲ ለመሥራት ቫይታሚን ቢ6ን አጥብቆ ይፈልጋል፤ አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ይህ ቫይታሚን ያጥረዋል። አረቄ ጠጥቶ ያደረ ሰው ጠዋት ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ቢደራርብ ጉበቱን ሁለት ጊዜ ይመታዋል። ባለ 500 ሚሊግራም እንክብል በ24 ሰዓት ውስጥ ለጤነኛ አዋቂ ከ8 መብለጥ የለበትም፤ ለጠጪና በምግብ እጥረት ለከሳ ሰው ከዚያም ያነሰ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን በአካባቢያችን ብዙ ወደሚሰማው እንምጣ፤ የወፍ በሽታ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ነው። አዋቂዎቹን ማጣጣል አልፈልግም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ሄፓታይተስ ኤ ምንም ባይደረግለት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ልጁ ቅጠሉን ጠጣም አልጠጣም ዓይኑ ይጠራል፤ ምስጋናው ግን ለቅጠሉ ይሆናል። በዚህ ልምድ የተማመነ ቤተሰብ በሚቀጥለው ጊዜ የሐሞት ቧንቧው የተዘጋበትን ወይም ሄፓታይተስ ቢ የያዘውን አባወራ በዚያው መንገድ ይወስደዋል፤ ጊዜውም ያልፋል።

ከእነዚህ ዕፅዋት አንዱ ሰንሰል ነው፤ ስሚዛ የምትሉትም አላችሁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች የሰንሰልን ቅጠል ጭማቂ በላቦራቶሪ አይጦች ላይ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱን አሳትመዋል። አይጦቹ ካርቦን ቴትራክሎራይድ በተባለ መርዝ ጉበታቸው ተጎድቶ ነበር፤ የጉዳቱ መለኪያም ዛሬ የምንነጋገርባቸው እነዚሁ ኢንዛይሞች ነበሩ። ጭማቂውን ባገኙት አይጦች የኢንዛይሙ ጭማሪ ቀነሰ። ይህ በጣም ደስ የሚል ጅምር ነው፤ የአባቶቻችን ዕውቀት ሊመረመር የሚገባው መሆኑን ያሳያል። አይጥ ላይ በአንድ መርዝ የተገኘ ውጤት ግን ለሰው ልጅ ሄፓታይተስ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ መጠኑም አልታወቀም። ቅጠል የወሰዳችሁ ሰዎች ለሐኪም አትደብቁ። ሐኪሙ ቢቆጣችሁም እንኳ ንገሩት፤ የቁጥሩን ትርጉም ይቀይረዋል።

ዓይን ቢጫ ሲሆን ሁልጊዜ ጉበት ነው ማለትም አይደለም። ቆላው ጃዊ ለአጨዳ ወርዶ የተመለሰ ወጣት ትኩሳት ኖሮት ዓይኑ ቢጫ ቢሆን፣ ወባ ቀይ የደም ሴሎቹን እያፈነዳ ሊሆን ይችላል፤ ኤኤልቲው ያን ያህል አይጨምርም። ለእርሱ የመጀመሪያው ምርመራ የወባ ነው፤ ያውም ዛሬውኑ። ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ዓይን ቢጫ መሆን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራ ነው። በውኃ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኢ በአገራችን አለ፤ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ ወታደሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1989 የተነሣውን ወረርሽኝ አጥንተው አሳውቀዋል። ይህ ቫይረስ ሌላውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አሞት ይለቀዋል፤ በእርግዝና መጨረሻ ላይ ያለችን ሴት ግን ሊገድል ይችላል።

አሁን መጀመሪያ ላይ ቃል ወደ ገባሁላችሁ ልምጣ፤ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ነፃ ነኝ ብሎ ስለሚሄደው ሰው።

በአገራችን የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትንታኔ ከ100 ሰው በ7ቱ ያህል ደም ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለ ገምቷል። አብዛኛው ሰው አያውቀውም፤ አያመውምና። ከእናት ወደ ልጅ፣ በግብረ ሥጋ፣ በጋራ ምላጭ፣ በግርዛት፣ በንቅሳት፣ በዋግምት፣ እንጥል በመቁረጥ ይተላለፋል። ቫይረሱ ለዓመታት ጉበት ውስጥ እየኖረ ቀስ በቀስ ጠባሳ ይሠራል፤ ሲሮሲስ የሚባለው ይኸው ነው፤ ወደ ካንሰርም ሊያደርስ ይችላል። በእነዚህ ዓመታት ኤኤልቲው አንዴ ይጨምራል፣ አንዴ ይወርዳል፤ በወረደበት ቀን ደሙን የሰጠ ሰው “ኖርማል” ተብሎ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ሙከራ ተጀመረ፤ ከ1,300 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። መድኃኒቱ ቴኖፎቪር ነው። ያኔ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ማን መድኃኒት ይጀምር የሚለውን ለመወሰን ከሚጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ ኤፒአርአይ የሚባል ስሌት ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ኤኤስቲውን ለላቦራቶሪው የመጨረሻ ጤናማ ቁጥር አካፍሉ፣ በ100 አባዙ፣ ፕሌትሌት በሚባሉት የደም መርጊያ ሴሎች በሺህ በተቆጠረ ብዛት አካፍሉ። ለምሳሌ ኤኤስቲው 60፣ የላቦራቶሪው ጣሪያ 40፣ ፕሌትሌቱ 120 ሺህ የሆነ ሰው ውጤቱ 1.25 ይሆናል። የያኔው መመሪያ ሲሮሲስ አለ የሚለው ከ2 በላይ ሲሆን ነበር። ስለዚህ ይህ ሰው በዚያ መለኪያ ያልፋል፤ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በአዲስ አበባ የነበሩ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የሕሙማኑን መረጃ ከመረመሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ርዕስ ምንም የሚያድበሰብስ አልነበረም፤ መመሪያው በኢትዮጵያ መድኃኒት ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ግማሹን ይስታቸዋል የሚል ነው። ግማሹን! ለሌላ አገር ሕመምተኛ የተቀመጠ ቁጥር ለኛ ሰው እንዳልሆነ የኛው አገር መረጃ አሳየ። እኔ ይህን ሥራ ከአገራችን ሕክምና ትልልቅ አስተዋፅኦዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 መመሪያውን ሲያሻሽል መነሻውን ከ2 ወደ 0.5 አውርዶታል። በምሳሌያችን ያለው ሰው ዛሬ መድኃኒት ይጀምራል። ስለዚህ ሄፓታይተስ ቢ አለባችሁ ተብላችሁ “መድኃኒት አያስፈልግህም” ወይም “አያስፈልግሽም” ከተባላችሁ ዓመታት ያለፉ ሰዎች፣ ተመልሳችሁ ጠይቁ።

ሌላው መጠንቀቅ ያለብን የቁጥር መውረድ ነው። በአጣዳፊ ሕመም ጊዜ ኤኤልቲ ከ2,000 ወደ 200 ሲወርድ ቤተሰብ ይደሰታል። ዓይኑ እየጠራ፣ ምግብ እየበላ ከሆነ ደስታው እውነት ነው። ዓይኑ ይበልጥ ቢጫ እየሆነ፣ ሕመምተኛው እየተደናበረ፣ ከድዱ እየደማ ከሆነ ግን የሚፈስስ ሴል አልቆ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪም ከኢንዛይሙ ጋር ቢሊሩቢን፣ አልቡሚንና የደም መርጋት ምርመራ የሚያዘው። የጉበትን የቀረ አቅም የሚለኩት እነዚህ ናቸው። በወረዳችሁ ሬጀንቱ ከሌለ፣ ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሪፈር ስትባሉ አትዘግዩ።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ያላችሁ አድማጮች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ከምትወስዷቸው መድኃኒቶች ሦስቱ፣ አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ፣ ጥቂት ሰዎች ላይ ጉበትን ይጎዳሉ። ምግብ ካስጠላችሁ፣ ካስመለሳችሁ፣ ሽንታችሁ ከጠቆረ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋማችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ኤኤልቲውን ያያል፤ ምልክት እያለ ከጤናማው ጣሪያ 3 እጥፍ ካለፈ፣ ምልክት ሳይኖር 5 እጥፍ ካለፈ መድኃኒቱን ለጊዜው ያቆማል፤ ሲወርድም አንድ በአንድ ይመልሰዋል። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሕክምናው የተቋረጠ ቲቢ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል።

ለገበሬዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በታህታይ ቆራሮ ወረዳ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የሰዎች ሆድ ውኃ እየቋጠረ የሚገድል የጉበት በሽታ ተነሣ። ለዓመታት ምክንያቱ አልታወቀም። የኋላ ኋላ የተገኘው ከእህል ጋር አብሮ የታጨደ መርዛማ አረም ነው። ዳጉሳና ጤፍ ስታበጥሩ የአረሙን ፍሬ አስወግዱ፤ በአንድ ቀበሌ ብዙ ሰው ሆዱ መነፋት ከጀመረ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቶሎ ንገሩ።

በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ወደ መደበኛው የሕፃናት ክትባት የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት አላገኛችሁትም። ስለዚህ የሚቀጥለው ጊዜ ደም ስትሰጡ የኢንዛይሙን ብቻ አትጠይቁ፤ “የሄፓታይተስ ቢም ይታይልኝ” በሉ። ቫይረሱ ከተገኘ ባለቤታችሁንና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ያልተያዘው ይከተብ፣ የተያዘው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ። የቆዩ የምርመራ ወረቀቶቻችሁንም አትጣሉ፤ ሐኪሙ የዛሬውን ቁጥር የሚያነበው ካለፈው ጋር አስተያይቶ ነው።